ሻምበል ምን በላ?

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ጠዋት ቡላ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አስታወከ። ቡላ ውሻችን ነው፤ ስሙ የወጣለት ከመልኩ ነው። የበዓል ማግስት ጠዋት መቼም ይታወቃል፤ ሰው ሁሉ ሆዱን እያሻሸ አርፍዶ ነው የሚነሣው። እኔ ግን ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላን ቆይተናል፤ በረንዳ ላይ ሻዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ሜሮን ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣችና ውሻውን አየችው። ጎንበስ ብላ ምን ሆንክ ከማለቷ በፊት ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ አዲሱ ዘበኛችን ማቲዎስ ቆሟል፤ እኛ ቤት ከገባ ገና ወር አልሞላውም።

«ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር አብልቶት ነው» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ።

ማቲዎስ ሰምቷል። መስማቱን ያወቅሁት ዞር ባለማለቱ ነው። ጀርባውን እንደሰጠን የበሩን መቀርቀሪያ አይቶት እንደማያውቅ ዕቃ ያገላብጠው ጀመር። እንዲህ ያለ ጀርባ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሻዬን አስቀመጥኩት።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ብስክሌትና የፈረስ ጋሪ የሞላባት፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ያላየች ከተማ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ከቤቱ ይልቅ የሞያሌን መንገድ ነው አብልጦ የሚያውቀው። እኔና እናቴ ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አባባ ዳንጊሶ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር።

አባባ ዳንጊሶ ከመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አድገው የተበተኑባቸው ረጅም የሲዳማ ሽማግሌ ነበሩ። እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ ውሻቸው እስከ መታጠፊያው ሸኝቷቸው ይመለሳል። ውሻው ሻምበል ይባላል። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው እንጃ፤ አረማመዱ ግን እውነትም ወታደር ቤት ያደገ ነበር የሚመስለው። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል እትዬ ወርቅነሽ ትኖራለች፤ የወላይታ ሰው ናት፣ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ምላሷ እንደ ታይፕ መኪናዋ የፈጠነ።

አባባ ስለ ሌላው ነገር አይናገሩም። ብንጮህ፣ እንግዳ ብናበዛ፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ብንይዝባቸው ዝም ይላሉ። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ሻምበልን ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳይመግበው።

«የእሱ ምግብ በእኔ እጅ ነው» ይሉ ነበር፣ አጭር አጭሩን እየመረጡ በሚናገሩት አማርኛቸው። «ቅመም የለም። ጨው የለም። አጥንት የለም። እሱ ሰው አይደለም።»

አመጋገቡ ደግሞ ለእኛ መሳቂያ ነበር። ከሥጋ ቤት ሳንባ ያመጣሉ። ጥሬውን ወርውረው መገላገል ሲችሉ፣ ከሰል አያይዘው፣ ድስት ጥደው፣ ክዳን ገጥመው ይቀቅሉታል። «ጥሬው ትል አለበት፤ ከውሻው ወደ ሕፃናት ይሄዳል» ብለውናል አንድ ቀን። ሲበርድ ይከትፉትና ከቆጮ ወይም ከደረቅ ዳቦ ጋር ለውሰው ጠርዙ በተላጠ የቆርቆሮ ሳህን ያቀርቡለታል። ጠዋትና ማታ፣ በሰዓቱ። የተረፈውን አያሳድሩም፣ ይደፉታል። ውሃውን በየቀኑ ይለውጣሉ። እትዬ ወርቅነሽ «ሚስት ቢያጡ ለውሻ ወጥ ቤት ሆኑ» እያለች ታስቀን ነበር።

ስስታም ነበር የምንላቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለን። እኛ ያደግንበት ሥርዓት ሌላ ነው፤ ዓይን እያየህ ብቻህን አትበላም። በር ላይ የቆመ መንገደኛም ይሁን የጎረቤት ሕፃን፣ ታጎርሳለህ። ሻምበል ደግሞ አስተያየት ያውቅበታል። ደጃፍህ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይተኛና እጅህ ወደ አፍህ በተነሣ ቁጥር ቅንድቡ አብሮ ይነሣል። ያንን ዓይን ተቋቁሞ የሚውጥ ሰው ጉሮሮው ከምን እንደተሠራ አላውቅም።

የእኛዋን ድመት የሚመለከት ሕግ አልነበረም፤ እሷንም የምንመግባት ግን ያው እንደዚያው ነው። እማዬ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ስትገዛ ጭንቅላቱንና እሾሁን ሁሉ ለድመቷ ታመጣለች፤ ገበያው ዳር ከሚንጎራደዱት ረጃጅም ወፎች፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ተሻምታ ማለት ነው። አንዴ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ ስትንፈራገጥ እማዬ በወረንጦ አወጣችላት። እኔም እጄ እስኪደማ ተቧጥጬ ያዝኳት። በማግስቱ ያው ጭንቅላት ቀረበላት። «ድመት ለዓሣ አይደል እንዴ የተፈጠረችው?» ነበር ክርክራችን።

በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ሰይድ ይኖር ነበር። ከደሴ የመጣ የኮሌጅ ተማሪ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ። ሒሳብ ሲከብደኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያስረዳኝ ነበር። የእሱና የሻምበል ነገር ግን የግቢው ቲያትር ነው። ሰይድ ለሶላት ታጥቦ ብቅ ሲል ሻምበል ጭራውን እየቆላ ይመጣል፤ ሰይድ ልብሱን ሰብስቦ በጭቃው ላይ እየዘለለ ይሸሻል፤ ሻምበል ጨዋታ ይመስለዋል። በሸሸው መጠን ይብስ ይወደዋል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን።

«ሰይድ፣ ውሻ ትጠላለህ አይደል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ኧረ አልጠላም ትዕግሥት፣ ወላሂ! ምራቁ ልብሴን ከነካው ለሶላት አይሆነኝም፤ እንደገና መታጠብ ነው። ነገሩ ይሄው ነው» አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር ግቢው ይዞ የቀረው «ሰይድ ውሻ አይወድም» የሚለውን ብቻ ነበር። ሰው የሚያስታውሰው የቀለለውን ነው።

በዐቢይ ጾም ያኔ አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጉ ነበር። አባባ ባይጾሙም ሳንባ ከየት ያምጡ? ሕማማት ሲገባ ሻምበል በዳቦና በቆጮ ብቻ ቀረ። ቀጠነ፤ ጎኑ ላይ አጥንቱ መታየት ጀመረ። «ከእኛ ጋር እኮ ጾመ» ትል ነበር እማዬ፣ ከልቧ አዝና። «የሰው ሕግ ይዞኝ ነው እንጂ እንዲህ አይሆንም ነበር።»

ፋሲካ የዋለው በሚያዝያ ነበር። የበልግ ዝናብ ጀምሮ ታቦር ተራራ አረንጓዴ ለብሷል፤ ግቢው በጠዋት የረጠበ አፈር ይሸታል። ቅዳሜን ሙሉ እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች። ዶሮ ወጥ ማለት እኮ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ዶሮዋ ስሟ ነው የሚጠራው እንጂ ድስቱን የሚሞላው ሽንኩርቱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ ሁሉ ገባ። እሑድ ጠዋት ከወጡ ለአባባ በሳህን አደረስኩ። ለእትዬ ወርቅነሽም አደረስኩ፤ ጴንጤ ብትሆንም የእማዬን ወጥ ስትበላ ሃይማኖት አትለይም። ሰይድ ግን የእኛን እርድ ስለማይበላ ድፎ ዳቦና ሙዝ ነው የወሰድኩለት። እኔው ነኝ በእጄ የወሰድኩለት፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ጋደም ብላ፣ ግቢው በጥጋብ ጸጥ ብሎ፣ እኔ የቀረኝን እየበላሁ ሳለ ሻምበል ደጃፋችን ላይ መጥቶ ተኛ። ቅንድቡ ተነሣ። ወደ አባባ ቤት አየሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። እንጀራውን በወጡ አርሼ፣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሰው አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኩለት። ከዚያ የጋጥኩትን የክንፍ አጥንት ጨመርኩለት። ቅርጭጭ አድርጎ ዋጠውና እጄን ላሰኝ። ያን ያህል የጽድቅ ሥራ የሠራሁ የመሰለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ጠዋት የቀሰቀሰን የአባባ ድምፅ ነበር። ሻምበል ግቢው ውስጥ ካለው ኮባ ሥር ሆዱን ሸብቦ፣ ጀርባውን አጉብጦ ቆሟል። መተኛት ይፈልጋል፣ ሆዱ መሬት ሲነካ ያመውና መልሶ ይነሣል። ለማስታወክ ያምጣል፤ የሚወጣው አረፋ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ሻርፗን ሳታስር ወጣች።

«መርዝ ነው!» አለች። «ሌባ ቤት ሊሰብር ሲል ውሻ አይደል የሚመርዘው? ወተት አምጡ!»

መርዝ የሚለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው አይገኝም። እማዬ ወተት አመጣች። አፉን ከፍተው አጠጡት። መልሶ አወጣው፤ ጭራሽ ባሰበት። አባባ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዟት። ረጅሙ ሰውዬ አጥረው ታዩኝ።

«ማን ነው?» አሉ። «ማን ምን ሰጠው?»

እማዬ የነጠላዋን ጥለት አየች። እኔ ጭቃውን አየሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት እንዲህ ላለው ሰዓት ነው። የሰጠሁት ጉርሻ አንድ ፍሬ ነገር ነው፣ ውሻ በክንፍ አጥንት አይሞትም፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው እያልኩ ለራሴ እመሰክር ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ቀደመችን።

«እኛማ የእርስዎን ሕግ እናውቃለን፣ አባባ። ግቢ ውስጥ ውሻ የማይወድ ሰው ካለ እንግዲህ እሱ ይጠየቅ።»

ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ ሁላችንም ወደ በሩ አየን። ሰይድ ደብተሩን እንደያዘ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። እኔም አየሁት። እሱ ክፍል ውስጥ የዶሮ አጥንት ቀርቶ የዶሮ ሽታ እንዳልነበረ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከግቢው ሁሉ ለሻምበል የሚሰጠው ወጥም አጥንትም ያልነበረው ያ ልጅ ብቻ ነው። ዳቦውን ተቀብሎኝ «እንኳን አደረሳችሁ» ያለኝ ገና ትናንት ነው። ይህን ለመናገር ግን መጀመሪያ የራሴን መናገር ነበረብኝ።

ሰይድ ጀርባውን ሰጠን። ተቀይሞ በሩን ዘጋ ብዬ ነበር። ከአልጋው ላይ አንሶላውን ገፎ ተመልሶ ወጣ።

«አባባ፣ የከብት ክሊኒኩ ዛሬም ተረኛ አይጠፋውም። እኔ ልውሰደው።»

አባባ ወዲያው እሺ አላሉም። እንዳመነቱ ሰይድም አየ፣ ሁላችንም አየን። ከዚያ እጃቸውን ከውሻው ላይ አነሡ። ሰይድ ዓመቱን ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ውሻ በአንሶላው ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቀፈው። ሻምበል እዚያው አስታወከበት። ሰይድ ግን ፊቱን አላዞረም። በኋላ እንደሰማሁት ባለጋሪው «ፈረሴ ይደነግጥብኛል» ብሎ አልጭንም ስላለው፣ ያንን ትልቅ ውሻ ከባህል አዳራሽ ወዲያ እስካለው ክሊኒክ ድረስ በእቅፉ ተሸክሞ ነው የሄደው።

እኛ ኮባው ሥር ቀረን። «ቢመርዘው ኖሮ ተሸክሞ ይወስደው ነበር?» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ለማስመሰል ይሆናላ» አለች እትዬ ወርቅነሽ። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ ስታመም ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ያደረች ሴት ናት። ፈርታ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት የፈራ ሰው ሥራ ነው። እኔ ደግሞ «ለማስመሰል ነው» ስትል አልተቃወምኳትም፤ እንዲያውም ለአፍታ እውነት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይሄ ነው። ሰይድ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ደስ የሚለኝ ሰዓት ነበር።

ሰይድ ያለ ውሻው እየሮጠ ተመለሰ። ሸሚዙ በትውከት ተበላሽቷል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሐኪሙ ምን በላ ይላል» አለ። «መርዝ ከሆነ አሁኑኑ እንዲያስታውክ ማድረግ አለብኝ ይላል። አጥንት ከሆነ ግን እንዲያስታውክ ማድረግ የለብኝም፣ ሲወጣ ጉሮሮውን ይቀደዋል ይላል። ሳያውቅ መንካት ፈርቷል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ማንንም አልከስስም። ሻምበል ምን በላ?»

ውሻው እዚያ እየሞተ፣ የሚያድነው ቃል እዚህ አፋችን ውስጥ ተቀምጦ፣ እርስ በርስ እንጠባበቃለን። ሰይድ አንድ በአንድ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ሰበርኩ።

«እኔ ሰጠሁት።»

ድምፁ የአባባ ዳንጊሶ ነበር።

«ትናንት። ትዕግሥት ያመጣችው ወጥ ነው። በዓል ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ብቻ መብላት ከበደኝ። እሱ አየኝ። ሰጠሁት፤ አጥንቱንም ሰጠሁት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩት እኔ።» ከዚያ አምላካቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠሩ። «ማጋኖ ይቅር ይበለኝ።»

ሕጉን ያወጡት ሽማግሌ ከተናገሩ በኋላ የማን አፍ ይዘጋል? እማዬ አንገቱንና የድስቱን ቅቤ ጠራርጋ ሰጥታዋለች፤ እኔ ጋደም ብላ ተኝታለች ያልኳት እናቴ፣ ለካ ከእኔ ቀድማ! እትዬ ወርቅነሽ እያለቀሰች የጭኑን አጥንትና አንድ እንጀራ ከነወጡ ቆጠረች። «እኔም» አልኩ በመጨረሻ። እያንዳንዳችን ብቻችንን የሰጠን መስሎን፣ እያንዳንዳችን ጥቂት የሰጠን መስሎን፣ ባዶ ዳቦ የለመደ አንጀት ውስጥ የግቢውን ፋሲካ በሙሉ አፍስሰንበታል።

ሰይድ «እሺ» ብሎ ሮጠ።

ሻምበል አልሞተም። ሐኪሙ እንዲያስታውክ አላደረገውም፤ ግሉኮስ ሰጠው፣ የሕመም መርፌ ወጋው፣ ሆዱን አሳረፈው፣ እዚያው አሳደረው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ እንደሚሾል፣ ሽንኩርት ትልቁም ነጩም የውሻን ደም እንደሚያደክም፣ ቅቤ ደግሞ የሆዱን ዕቃ እንደሚያስቆጣ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ወተቱም እንዳልረዳው ነገሩን። ወደ ቤት ተመልሶ ከቀናት በኋላ እንኳ ድዱ ነጥቶ፣ እንደ ሽማግሌ እያረፈ ነበር የሚራመደው። አባባ ከባዶ ሩዝ ጀምረው፣ ቀስ በቀስ፣ ወደ ተቀቀለው ሳንባ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ስስታም ያላቸው አልነበረም።

ሰይድ ያን ቀን ከሰዓት ከክሊኒኩ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደ። እምነቱ እንደሚያዘው ከኮባው ሥር አፈር ዘግኖ ክንዱንና ደረቱን አሸ፣ በውሃ አለቀለቀ፣ ደግሞ ታጠበ፣ ደግሞም ታጠበ። ሸሚዙንም እንዲሁ። እማዬ «አንሶላውን እኔ ልጠብልህ፣ ልጄ» አለችው። «ይተዉት እትዬ፣ አይልፉ» አላት በትሕትና፤ እሷን ቀና ብሎ ሳያያት ነበር።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቧንቧው ድረስ ሄዱ። «አመነታሁ። አይተኸኛል። ይቅር በለኝ» አሉት። ሽማግሌ ለወጣት እንዲህ ጎንበስ ሲል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ሰይድ እርጥብ እጁን እያራገፈ «ኧረ አባባ፣ በአላህ! ምን አጠፉና» አላቸው። እትዬ ወርቅነሽና እማዬም ጠየቁት፤ እነሱንም ይቅር አላቸው። ይቅር ማለት ቀለለው፤ ወይም ቶሎ ብለን ከፊቱ ዞር እንድንልለት ፈለገ፤ የቱ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ይቅርታ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ልጅ ነኝ፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ እማዬ ስትጠይቀው የእኔም ተጠየቀ ብዬ አለፍኩት። ግን ሒሳብ ሲከብደኝ ደጃፉ መሄድ አቃተኝ። እሱ አልከለከለኝም። አንድ ቀን ራሱ «ፈተና ደረሰ አይደል? ደብተርሽን አታመጪም?» ብሎኛል። «ገብቶኛል» አልኩት። አልገባኝም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ለኮሌጁ ቀረብ ያለ ክፍል አገኘሁ ብሎ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሄደ። ትምህርት ቤት ስለነበርኩ አልተሰናበትነውም። ስመለስ ሻምበል የባዶው ክፍል ደጃፍ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ተኝቶ አገኘሁት። ሳልፍ ቀና አላለም።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በከተማው ከሚያልፈው ሰው ሁሉ መሐል በእጅ የታፈነ ሳቅ ስሰማ እዞራለሁ። እሱ ሆኖ አያውቅም። ባገኘው ምን እንደምለው ለብዙ ዓመታት አዘጋጅቼዋለሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ በየጊዜው እያጠረ ሄዶ አሁን የቀረችው «አውቅ ነበር» የምትለዋ ብቻ ናት።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ አቮካዶው ሥር፣ ልጄ ያንን ስትል ተነሣሁ። ማቲዎስ አሁንም መቀርቀሪያውን እያየ ነው።

«ማቲዎስ፣ ና እስቲ ወዲህ» አልኩት። መጣ፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ሜሮን ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ከእኔ እንጀምር። ትናንት ጥብሱ ሲወጣ ከበጉ ላት ቆርጬ ለቡላ ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ።»

ሜሮን ጉድ አለች። «እማዬ! አንቺ? ለእንግዳው ሁሉ ‹ውሻውን እንዳትነኩብኝ› ስትዪ ኖረሽ?»

«እኔ» አልኳት። ይኸው ነው። የሻምበልን ታሪክ የማውቅ፣ በዚህ ቤት ስስታም ተብዬ የምታማ፣ ለቡላ ሳንባ በየሳምንቱ የምቀቅል ሴት፣ ዓይኑ እያየኝ መዋጥ አቅቶኝ ነው። አባባ ዳንጊሶ ያን ቀን የበለጠ ገቡኝ።

ማቲዎስ ኮፍያውን አዙሮ አዙሮ፣ «እትዬ፣ እኔም ከምሳዬ የጎድን አጥንት ሰጥቼዋለሁ። ያባርሩኛል ብዬ ነው ያልተናገርኩት» አለ።

ሜሮን ጥፍሯን ነከሰች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «እኔ ደግሞ ማታ... ከዶሮ ወጡ ትንሽ...» አለች፣ ማቲዎስን ሳይሆን መሬቱን እያየች።

ስልኬን አንሥቼ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነበር፤ «ምን በላ?» ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ መሐላችን ያዝኩት፣ ሦስታችንም ተራ በተራ ነገርነው። በዚህ ጊዜ መልሱን ለማድረስ ምንም ያላጠፋ ሰው መሮጥ አላስፈለገውም።